«እስራት» ፦ የቃሉ ፍችና የእኛ ድርሻ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህ እትም ልጽፍላችሁ ያሰብሁት ስለ አንድ ቃል ነው። ቃሉ አጭር ነው፤ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ነገር ግን በቤታችን ውስጥ ሲነሣ ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን፤ እንግዳ ካለም ወሬ እንለውጣለን። ይህ ቃል «እስራት» ነው።

ስለ ቃላት ፍች መጻፍ የሊቃውንት ሥራ መሆኑን አውቃለሁ። እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እንጂ የቅኔ ቤት ልጅ አይደለሁም። ይህን ርእስ እንድመርጥ ያደረገኝ የእውቀት ብዛት ሳይሆን በቤታችን የደረሰ አንድ ነገርና በእኔ ላይ የተገኘ አንድ ጥፋት ነው። እርሱን ወደ በኋላ እናገራለሁ። አስቀድመን ግን ቃሉን እንመልከት።

የቃሉ ፍች

«አሰረ» ከግእዝ የወረስነው ግሥ ነው። አንዱን ከሌላው ጋር ማያያዝ፣ መቋጠር፣ እንዳይለያይ ማድረግ ማለት ነው። ገበሬ ነዶውን ያስራል፤ እናት መቀነቷን ታስራለች፤ ነጋዴ ጭነቱን ያስራል፤ ሐኪም ቁስል ያስራል። ከእነዚህ አንዱም ክፉ ነገር የለበትም። ያልታሰረ ነዶ ይበተናል፤ ያልታሰረ ጭነት በመንገድ ይፈስሳል። ግእዝ ሰውን በሰንሰለት ለማሰር «ሞቅሐ» የሚል ሌላም ቃል አለው፤ እስረኛውን «ሙቁሕ»፣ ወህኒውን «ቤተ ሞቅሕ» ይለዋል። በአማርኛችን ግን ነዶም ይታሰራል፣ ሰውም ይታሰራል፤ ቃሉ አንድ ነው።

እኛ ክርስቲያኖች ደግሞ ከሕፃንነታችን ጀምሮ የታሰርን ነን። ወንድ በዐርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ሲጠመቁ በአንገታቸው ላይ ማዕተብ ይታሰራል። ይህ እስራት አያሳፍረንም፤ እንዲያውም ቢበጠስብን ደንግጠን ሌላ እናስራለን። መነኩሴም ወገቡን በቅናት ይታጠቃል፤ በፈቃዱ በአቱን ዘግቶ ይቀመጣል። እርሱን ማንም እስረኛ አይለውም። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም ፍቅርን ሁሉን አያይዞ ፍጹም የሚያደርግ ማሰሪያ አድርጎ ይገልጠዋል (ቆላ. 3፥14)። እንግዲህ እስራት በራሱ ክፉ አይደለም። ክፉ ወይም መልካም የሚያደርገው የታሰርንበት ገመድ ሳይሆን ገመዱ ከማን ጋር እንዳገናኘንና ከማን እንደለየን ነው።

ለእስር ቤት የሰጠናቸው ስሞችም የሚያስተምሩን ነገር አላቸው። «ወህኒ» የሚለው በጎንደር ነገሥታት ዘመን የንጉሥ ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ ይጠበቁበት ከነበረው ከአምባ ወህኒ ጋር የተያያዘ ስም ነው። «ከርቸሌ» ከጣልያንኛ የመጣ ነው። በአዲስ አበባ የነበረውን ትልቁን ወህኒ ሕዝቡ «ዓለም በቃኝ» ይለው ነበር፤ ዛሬ ፈርሶ በቦታው የአፍሪካ ኅብረት ጽሕፈት ቤት ተሠርቶበታል። «ዓለም በቃኝ» የመናኝ ቃል ነው። መናኝ ወድዶ የሚናገረውን ቃል ሕዝቡ ሳይወድ ለሚገባበት ቤት ስም አደረገው። የሁለቱ ልዩነት ምን እንደሆነ አስቡ። መናኙ ከዓለም ሲለይ ራሱን ከእግዚአብሔር ጋር አስሮ ነው። እስረኛው ግን ከሁሉ ይለያል፤ ከሚስቱ፣ ከልጆቹ፣ ከጓደኞቹ፣ ከሥራው፣ ከደብሩ። እጁ በሰንሰለት ታስሮ ሳለ ሌላው ገመዱ ሁሉ ይፈታል። ስለዚህ የእስረኛው ትልቁ ሕመም መታሰሩ ብቻ አይመስለኝም፤ ከሰው መፈታቱ ነው።

የ«እስራት» ተቃራኒ «መፍታት» ነው። በግእዝ «ፈትሐ» ማለት ፈታ ማለትም ነው፣ ፈረደ ማለትም ነው። «ፍትሕ» የምንለው ከዚህ የተገኘ ነው። አባቶቻችን በፍርድ ወንበር ላይ የሚደረገውን ሥራና የተቋጠረ ገመድ የሚፈታበትን ሥራ በአንድ ቃል ጠሩት። ለሞተ ሰው የሚደረገውን ጸሎት «ፍትሐት» እንላለን። ካህን ስናገኝ «አባቴ ይፍቱኝ» እንላለን፤ እርሳቸውም «እግዚአብሔር ይፍታ» ይሉናል። በየቀኑ መንገድ ላይ፣ ታክሲ ስንጠብቅ እንኳ፣ እስረኞች መሆናችንን እየተናገርን ነው! ሁላችንም መፈታት የምንለምን ስንሆን አንዱን ወንድማችንን ለይተን «እስረኛ» ብለን ማፈራችን ከየት መጣ?

እስራት ሁልጊዜ ኀፍረት አይደለም

መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ቃል አይደብቅም። ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልሞና ሲጽፍ ገና በመክፈቻው የክርስቶስ ኢየሱስ እስረኛ መሆኑን ይናገራል። ለጢሞቴዎስም እርሱ እንደ ክፉ አድራጊ ቢታሰር የእግዚአብሔር ቃል ግን እንደማይታሰር ይነግረዋል (2ጢሞ. 2፥9)። ቅዱስ ጴጥሮስ በሁለት ሰንሰለት ታስሮ በሁለት ወታደሮች መካከል ተኝቶ ነበር (የሐዋ. 12፥6)። መጥምቁ ዮሐንስ ከወህኒ አልወጣም፤ አንገቱ በዚያው ተቆረጠ።

በአገራችንም እንዲሁ ነው። አቡነ ጴጥሮስ በወራሪው ጣልያን እጅ ታስረው ሳለ ሕዝቡም ምድሪቱም ለጠላት እንዳይገዙ ገዘቱ፤ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተረሸኑ። እጃቸው የታሰረ አባት በቃላቸው አገር አሰሩ። ሁለተኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሥተው ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ፤ ዐፅማቸው በክብር ያረፈው በ1984 ዓ.ም. ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም በ1426 ዓ.ም. ከመንገሣቸው በፊት በአምባ ግሸን የተዘጋባቸው ልዑል ነበሩ። መስከረም 21 ቀን ግማደ መስቀሉ ያለበት ነው ብለን ተሳልመን የምንመለስበት ያ አምባ በዚያ ዘመን ለንጉሥ ልጆች ወህኒ ነበረ።

ይሁን እንጂ እነዚህ ሁሉ በግፍ ወይም ስለ ሃይማኖት የታሰሩ ናቸው፤ ስለ እነርሱ መናገር አያስቸግርም። «ሰርቆ የታሰረውስ? ሰው ጎድቶ የታሰረውስ? የእጁን አይደለም ወይ ያገኘው?» የሚል ይኖራል። እኔም እንዲህ ስል ነበር። ነገር ግን ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ላይ በፍርድ ቀን የሚጠይቀንን ሲዘረዝር ራሱን ከተራቡት፣ ከታረዙት፣ ከታመሙትና ከታሰሩት ጋር ይቈጥራል። የታሰረው በግፍ ይሁን በጥፋት አልለየም። የተራበው ሰነፍ ስለሆነ ነው ወይስ ድርቅ ስለመታው ነው ብለን እንድንመረምር እንዳላዘዘን ሁሉ የእስረኛውንም መዝገብ አገላብጣችሁ ጠይቁት አላለንም። የጥፋቱ ነገር የዳኛው ድርሻ ነው፤ መጠየቁ ግን የእኛ ነው።

የዮሴፍ ልመና

በእስር ቤት ታሪኮች ሁሉ ልቤን የሚነካው የዮሴፍ ነው። ዮሴፍ በዐሥራ ሰባት ዓመቱ ተሸጠ፤ በፈርዖን ፊት ሲቆም ሠላሳ ዓመት ሆኖት ነበር። በወህኒ ሳለ ለጠጅ አሳላፊው ሕልሙን ፈታለት። (እዚህም «ፈታ» የሚለውን ቃል ልብ በሉ፤ ታስሮ ሳለ ለሌላው ይፈታል።) ከዚያ በኋላ ለመነው፤ በጎ በሆነልህ ጊዜ አስበኝ አለው። ገንዘብ አልጠየቀም፤ ልብስ አልጠየቀም። ጠጅ አሳላፊው ግን ተፈትቶ ወደ ቤተ መንግሥት ተመለሰና ረሳው፤ ዮሴፍም ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያው ቆየ (ዘፍ. 40 እና 41)። የመጀመሪያው እስራት የጲጥፋራ ሚስት ሐሰት ያመጣው ነው። ሁለተኛውን ያመጣው ግን ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚረሳ ሰው ነው። በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴም የለመነው ይህንኑ ነበር፤ «አስበኝ» ነው ያለው። እርሱ የለመነው ግን የማይረሳውን ነበርና በዚያው ቀን ተሰማ።

ስለዚህ በዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 13 ቁጥር 3 ላይ ስለ እስረኞች የታዘዝነው ትእዛዝ «አስቡ» የሚል ነው። ያውም እንዲያው በሩቁ ሳይሆን ከእነርሱ ጋር አብረን እንደ ታሰርን ሆነን ነው። ይህ እንዴት ይሆናል ብዬ ሳስብ አንድ የቆየ የአገራችን ሥርዓት ትዝ አለኝ። በቀድሞ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ፣ ወይም አበዳሪና ተበዳሪ፣ ጉዳያቸው በዳኛ ፊት እስኪያልቅ ድረስ በአንድ ሰንሰለት ወይም በልብሳቸው ጫፍ ተቋጥረው አብረው ይሄዱ ነበር። ይህ «ቁራኛ» ይባል ነበር። ዛሬም «በዓይነ ቁራኛ ጠበቀው» እንላለን። ቁራኛ የሆነ ሰው ባለጋራውን ጥሎ ወደ ቤቱ መግባት አይችልም። የአንዱን ብርድ ሌላውም ይበርደዋል፤ አንዱ ሲቆም ሌላው ይቆማል። ያ ሥርዓት የጠበኞች ነበር። ሐዋርያው የሚያዝዘን ግን በፍቅር ቁራኛ እንድንሆን ነው። ጌታችንም ሥጋችንን ሲዋሐድ በሩቅ ሆኖ አላዘነልንም፤ መጥቶ ከእኛ ጋር በመከራችን አንድ ሆነ፤ ተያዘ፤ ታሰረ፤ ከሐና ወደ ቀያፋ፣ ከቀያፋ ወደ ጲላጦስ ታስሮ ተወሰደ። እርሱ ስለ እኛ በታሰረበት ቃል የምናፍር እኛ ማን ነን?

የእኔ ጥፋት

አሁን ቃል የገባሁትን ልናገር። ጋሼ እያልሁ የምጠራው የአክስቴ ልጅ አለ። በስምንት ዓመት ይበልጠኛል። ልጅ ሆኜ ማዕተቤ በጨዋታ ላይ ቢበጠስ ጥቁር ክር ገምዶ ያሰረልኝ እርሱ ነው። ወደዚህ ሰንበት ትምህርት ቤት እጄን ይዞ ያመጣኝም እርሱ ነው። ከአንድ ዓመት ከምናምን በፊት ይሠራበት ከነበረው ቦታ ገንዘብ አጎደለና ተከሰሰ፤ በፍርድ ቤትም ጥፋቱን አመነ፤ ተፈረደበት።

በቤታችን «ታሰረ» የሚል ቃል አልተነገረም። አክስቴ ለጎረቤት «ለሥራ ክፍለ ሀገር ሄዷል» አለች። እናቴም እንዲሁ አለች። እኔም በሰንበት ትምህርት ቤታችን «ጋሼ ለምን ጠፋ?» ብለው ለጠየቁኝ ሁሉ «ለሥራ ሄዷል» አልሁ። አንዳንዶቻችሁ ይህን ያላችኋችሁ እኔ ነኝ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። ባለፈው ዓመት የትንሣኤ ሰሞን ሰንበት ትምህርት ቤታችን ዳቦና ሳሙና ይዞ እስረኞችን ሊጠይቅ ሲሄድ እኔ «ፈተና አለብኝ» ብዬ ቀረሁ። ፈተናው ግን በሳምንቱ ነበር። የቀረሁት እርሱ ከእስረኞቹ መካከል ሆኖ ከእናንተ ጋር ሲያየኝ፣ እናንተም እርሱን ስታዩ፣ ውሸቴ እንዳይገለጥ ፈርቼ ነው። በዚያ ቀን ከሁላችን የተፈታሁት እኔ ነበርሁ።

ስምንት ወር ሙሉ ሳልሄድ ቆየሁ። በመጨረሻ አክስቴ ጉልበቷን ታመመችና ስንቁን እንዳደርስ ተላክሁ። ወድጄ እንዳልሄድሁ እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ። መታወቂያዬን በር ላይ አስረከብሁ፤ ተፈተሽሁ፤ የያዝሁትን ቆሎ እኔው አስቀድሜ ቀመስሁ። ከዚያ በሁለት አጥር መካከል ሰው ሁሉ በሚጯጯህበት ቦታ ቆምሁ። ጋሼ መጣ። ከስቷል። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ አጥሩን ይዞ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦

«ልጆቹ ደኅና ናቸው? ስለ እኔ ይጠይቃሉ?»

«አዎ፣ ይጠይቃሉ» አልሁት።

«ምን ትላቸዋለህ?»

ዝም አልሁ። እርሱ ግን ገባው። አልተቆጣም። «አየህ፣ ወንድምዓለም፣» አለኝ፣ «ክፍለ ሀገር ሄዷል ካላችኋቸው ማን ይጠይቀኛል? ታስሯል በላቸው። የሚያፍር ካለ እኔ ልፈር፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እናንተ ግን አትደብቁኝ።»

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በአማርኛችን «መጠየቅ» ሁለት ነገር ነው። ምላሽ ለማግኘት መጠየቅ አለ፤ የታመመን፣ ያዘነን፣ የታሰረን ሄዶ ማየትም መጠየቅ ነው። ቃሉ አንድ የሆነበትን ምክንያት ያወቅሁት በዚያ አጥር አጠገብ ነው። እኔ ለመጀመሪያው ጥያቄ ውሸት ስለመለስሁ ሁለተኛው ጥያቄ ተቋረጠ። የት ነው ያለው ብሎ የጠየቀኝ ሁሉ ሄዶ ሊጠይቀው ይችል ነበር። መንግሥት በአጥር ዘጋበት፤ እኔ ደግሞ በቃሌ ዘጋሁበት። ለአጥሩ የፍርድ ወረቀት አለው፤ ለእኔ ቃል ግን ምን ወረቀት አለኝ?

ስመለስ ያገኘሁትን የመጀመሪያ ጓደኛዬን «ጋሼ ታስሯል» አልሁት። ስናገረው ምላሴ ከበደኝ። ጓደኛዬ «አውቃለሁ፤ አንተ እስክትነግረን ነው የጠበቅን» አለኝ። በሳምንቱ አራት ሆነን ሄድን።

የእኛ ድርሻ

በነቢዩ በኤርምያስ መጽሐፍ ምዕራፍ 38 ላይ የአንድ ኢትዮጵያዊ ታሪክ ተጽፏል። ኤርምያስ ጭቃ ባለበት ጕድጓድ በገመድ ተጥሎ በረኀብ ሊሞት ሲል አቤሜሌክ የሚባል ኢትዮጵያዊ የንጉሡ ቤት ሹም ወደ ንጉሡ ሄዶ በግልጥ ተናገረ። ከተፈቀደለትም በኋላ ሰዎች ይዞ ነቢዩን አወጣው። ልብ በሉ! ነቢዩ ወደ ጕድጓድ የወረደው በገመድ ነው፤ የወጣውም በገመድ ነው። ገመዱን ማሰሪያ ያደረጉትም ማውጫ ያደረገውም ሰዎች ናቸው። አቤሜሌክ ደግሞ ገመድ ብቻ አላቀበለም። ገመዱ ብብቱን እንዳይልጠው አሮጌ ልብስና እራፊ ጨርቅ ፈልጎ አብሮ ሰደደለት። ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቍጥር ያ እራፊ ጨርቅ ያስደንቀኛል። የሚያድን ሰው ብዙ ነው፤ ሲያድን እንዳያቈስል የሚጠነቀቅ ግን ጥቂት ነው።

ከዚህ ተነሥቼ ሦስት ነገር ለራሴም ለእናንተም አሳስባለሁ።

አንደኛ፦ አቤሜሌክ በንጉሥ ፊት እንደተናገረ እኛም ቃሉን እንናገር። በቤታችን የታሰረ ሰው ካለ «ሄዷል» አንበል። ቤተ ክርስቲያን በቅዳሴዋ ስለ እስረኞች ስትጸልይ አትደብቃቸውም። ስሙ ያልተነገረለት እስረኛ በጸሎታችንም በስንቃችንም ላይ አይታወስም።

ሁለተኛ፦ ስንጠይቅ እራፊውን ጨርቅ አንርሳ። «ለምን አደረግኸው?» እያልን በአጥር ማዶ ስብከት ከምናበዛ ሳሙናውን፣ ስለ ሰፈሩ ወሬውን፣ የልጁን የትምህርት ቤት ውጤት ይዘንለት እንሂድ። ከንስሓ አባቱ ጋር የሚገናኝበትን መንገድ እንፈልግለት። ጥፋቱን «ጥፋት አይደለም» እንበለው ማለቴ አይደለም፤ ጋሼ ራሱ ይህን አይወድም። ነገር ግን ጥፋቱን እርሱ ሲናገረው ንስሓ ነው፤ እኛ በየደጁ ስንናገርበት ሐሜት ነው።

ሦስተኛ፦ ሲፈታ እንፍታው። ከወህኒ ወጥተው በእኛ አፍ ታስረው የሚኖሩ ብዙዎች ናቸው። ዳኛው የፈረደው ዓመት አለው፤ ያልቃል። እኛ ግን «ያ ታስሮ የነበረው» ስንል መጨረሻ የሌለው ፍርድ እንፈርዳለን። ጌታ አልዓዛርን ከመቃብር ሲጠራው ሕይወትን የሰጠው እርሱ ብቻ ነው። መግነዙን እንዲፈቱለት ያዘዘው ግን በዙሪያው የቆሙትን ሰዎች ነው (ዮሐ. 11፥44)። ሙታንን ማስነሣት የማይሳነው ጌታ ጨርቅ መፍታት ተሳነው? አይደለም። ይህን ለእኛ ተወልን። ዐሥራ ስምንት ዓመት ጐብጣ የኖረችውንም ሴት ሲፈውስ እስራቷ በሰንበት ሊፈታ እንደሚገባው ለምኵራቡ አለቃ ነግሮታል (ሉቃ. 13፥16)። እንግዲህ ሰንበት የመፍቻ ቀን ከሆነ በሰንበት ስም የምንጠራ እኛ ይህን ሥራ ለማን እንተወዋለን?

ጋሼ ገና አልወጣም። በወር ሁለት ጊዜ ተራ አውጥተን እንሄዳለን፤ ተራው ላይ ስሙን መጻፍ የሚፈልግ ቢኖር የቀሩ ቀኖች አሉ። ባለፈው ስሄድ አንገቴን አይቶ «ክሩ ሳስቷል፤ ስወጣ ሌላ እገምድልሃለሁ» አለኝ። እኔም እስኪወጣ ድረስ ላልለውጠው ወስኛለሁ። ያ ክር እስራት ነው፤ ግን ከእርሱም ከአምላኬም ጋር ያሰረኝ ነውና አላፍርበትም።

ለታሰሩት መፈታትን ያወጀ አምላካችን በወህኒ ያሉትን ሁሉ ያስብልን፤ በግፍ የታሰሩትን ፍትሕን፣ በጥፋታቸው የታሰሩትን ንስሓን ይስጥልን፤ እኛንም ከፍርሃትና ከሐሰት ማሰሪያ ይፍታን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር።